የሮሊ ገበያ

«‹በሦስቱ አውራጃ ቅጂ መኪና ይዞ፣ ቅጂ ነው ብሎ አፉን ሞልቶ የተናገረ አንድ ሰው ብቻ ነበር› ብዬ ልጀምር ወይስ በጸሎት?» አለ ቨርን፣ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አንጠልጥሎ።

«ጸሎቱን ለፓስተሩ ተውለት» አለች አርዲስ። «እንጀራው ነው።»

ባሏ ዴልማር የሞተው ከትናንት ወዲያ ነው። ግቢው ውስጥ የረገፈ ቅጠል ሲጠርግ ቆየና «ትንሽ ልረፍ» ብሎ በረንዳው ላይ ተቀመጠ፤ እንደተቀመጠ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ቤቱ ውስጥ ሰው ይገባል፣ ይወጣል፣ ጫማውን ያያል፣ «የሚያስፈልግሽ ነገር ካለ» ይልና ሳይጨርሰው ይሄዳል። ጠረጴዛው ላይ ሦስት ትሪ የተጋገረ ድንች ተደርድሯል፤ ሦስቱም አይብ አለባቸው፣ ሦስቱም ላይ የተፈጨ ኮርንፍሌክስ ተነስንሶባቸዋል። በከተማቸው በኦዎሶ ሰው ሲሞት ድንች ይመጣል። ከእያንዳንዱ ትሪ ሥር ያመጣችው ሴት ስም በፕላስተር ተለጥፏል፤ ትርጉሙ «እግዜር ያጽናሽ፣ ትሪዬን እንዳትረሺ» ነው።

ቨርን የከተማው የአሮጌ መኪኖች ማኅበር ሊቀ መንበር ነው። ዕድሜውን ሙሉ የተማሪ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ ወጥቷል፤ አሁንም ሲናገር ከኋላ የሚንጫጫ ሰው ያለ ይመስል ድምፁን ከፍ ያደርጋል። በቀብሩ ላይ ስለ ዴልማር የሚናገረው እሱ ነው።

«ቆንጆ ነው» አለች አርዲስ። «አፉን ሞልቶ የምትለዋን ግን አውጣት። ዴልማር አፉን ሞልቶ የሚያውቀው ሲበላ ብቻ ነው።»

ይህን ጊዜ ልጇ ክሬግ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ከጋራዡ ገባ። ለቀብሩ ከግራንድ ራፒድስ ከተማ የመጣ የኢንሹራንስ ሰው ነው። የአባቱን አሮጌ መኪና በለቅሶው ሰልፍ ፊት ሊነዳት ከጠዋት ጀምሮ እያጠባት ነበር።

«እማ፣ አባባ ዘይት የሚያስቀይረው የት ነበር?»

«ምን?»

«የሞተር ዘይት። በሩን ስከፍት ማጠፊያው ጋ የዘይት ቅያሪ ወረቀት ተለጥፎበታል። ቢጫ ሆኖ ያስጠላል፤ ልላጠው ነው።»

ቨርን ሳቀ። «ዴልማር? ዘይት ለማስቀየር ለሰው ሊከፍል? ልጄ፣ አባትህ ጥርሱን ራሱ ሊነቅል የሞከረ ሰው ነው።»

አርዲስ አልሳቀችም። ተነሳች። ባለቤት ሲነሳ እንግዳ ይነሳልና ቨርንም ወረቀቱን አጥፎ ተነሳ፤ በሩ ላይ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አርዲስ፣ ጊዜው አይደለም፣ አውቃለሁ። ግን መኪናዋ ከከበደችሽ፣ በቅጂ ዋጋ እኔ አነሳልሻለሁ። ሸክም እንዳይሆንብሽ ብዬ ነው።»

«እግዜር ይስጥህ» አለችና በሩን ዘጋች።

ጋራዡ ውስጥ ሼቬል የምትባለው የዴልማር መኪና ጥቁር ሰማያዊ ሆና ቆማለች፤ በፈረንጅ የስልሳ ሰባት ሥሪት። የዚያን ዓመት ሼቬል ማሊቡ ከሆነ የቤተሰብ መኪና ነው፤ ሱፐር ስፖርት ከሆነ በዚያው አካል ላይ ትልቅ ሞተር የተጫነበት፣ ቀይ መብራት ላይ የጎረምሳ ልብ የሚያስቆም ነው። ሱፐር ስፖርቱ እየተወደደ ሲሄድ ሰዎች ማሊቡ እየገዙ ሞተሩን ቀየሩት፣ ኮፈኑን ለወጡት፣ ምልክቱን ለጠፉበት። ላዩን ብቻ ካዩት የወለደው ፋብሪካም አይለየውም። የምትለየው አንዲት ቁጥር ናት፤ የሾፌሩ በር ሲከፈት ማጠፊያው አጠገብ ካለችው ትንሽ የብረት ሳህን ላይ፣ የሻንሲው ቁጥር ሦስተኛዋ አኃዝ። ስድስት ከሆነች ማሊቡ፣ ስምንት ከሆነች ኦሪጅናል። ይህን በዚያ ከተማ ያሉ ሚስቶች ሁሉ ያውቃሉ። ማወቅ ፈልገው አይደለም፤ እራት ላይ እየተነገራቸው ነው።

ወረቀቱ የተለጠፈው ልክ ሳህኗ ላይ ነበር። ክሬግ በጥፍሩ ጫፉን አነሳና ቀስ ብሎ ላጠው። ሙጫውን በአውራ ጣቱ አሸው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ አየ፤ ቀና አለ፤ እንደገና ጎንበስ አለ።

«እማ። ስምንት ናት።»

አርዲስ ለማየት ጎንበስ አላለችም።

«ስምንት ናት እኮ የምልሽ! ኦሪጅናል ናት! ይህን ሁሉ ዓመት… አባባ ሳያውቅ ሞተ ማለት ነው? ምስኪን!» ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ደስታም ነበረበት። ዕቃ አይቶ ዋጋውን አለማሰብ አይችልም፤ ሥራው ነው።

«ወረቀቱን ማን የለጠፈው ይመስልሃል?» አለች እናቱ።

«ነዳጅ ማደያው ነዋ።»

«የትኛው ማደያ?»

ክሬግ እጁ ላይ የተጠቀለለውን ቢጫ ወረቀት አየ። ከዚያ እናቱን አየ። ፊቱ ላይ ያለው ደስታ ወዲያው አልጠፋም፤ የሚሄድበት አጥቶ ቆየ።

መኪናዋ መጀመሪያ የሮሊ ነበረች። ሮሊ የዴልማር ጓደኛ፣ አንድ መንገድ ተሻግሮ የሚኖር፣ ሲስቅ ጠረጴዛ የሚመታ ሰው ነበር። ጀልባውን ሸጦ ቶሌዶ ከተማ ከማያውቀው ሰው ገዝቷት መጣ። «ኦሪጅናል ናት» አለ። ሰው ሁሉ «ይሁን» አለው። በዚያ ከተማ «ይሁን» ማለት አላመንኩህም ማለት ነው። ሮሊም በሩን ከፍቶ ቁጥሯን ለማሳየት ኮራ፤ «ቃሌን የማያምን ሰው ቁጥሬን አያይም» አለ። በዚያው ክረምት ሞተ፤ ወጣት ነበር።

ሬሳው ሳይወጣ፣ ሚስቱ ሉኤላ ቤት ወንዶቹ ተሰብስበው፣ ቡናቸውን ይዘው ስለ መኪናዋ አንሾካሾኩ። የሟች መኪና በር ከፍቶ ቁጥር ማየት ነውር ነው፤ አንድ ሰው ግን ማየት ነበረበት፣ ሉኤላ መሸጧ አይቀርምና። ዴልማርን ላኩት። ስለ ሼቬል የሚያውቅ እሱ ነው፤ ቀጥሎም የማይዋሽ እሱ ነው።

አርዲስ ያን ቀን የሉኤላ ወጥ ቤት ውስጥ ስኒ ታጥብ ነበር። ዴልማር ከጋራዡ መጣ፤ ቅዝቃዜው ጆሮውን አቅልቶታል። ማንንም አላየም።

«አዝናለሁ፣ ሉኤላ» አለ። «ሦስተኛዋ ስድስት ናት። ሱፐር ስፖርት የለበሰ ማሊቡ ነው።»

ማንም አልሳቀም፤ ለቅሶ ቤት ነውና። በኋላ ግን ሳቁ። ዓመት ሳይሞላ ከተማው አባባል አወጣ። ሰው ተታልሎ የረባ የሚመስል የማይረባ ዕቃ ሲገዛ «የሮሊን ገበያ ገበየ» ይባላል። ሮሊን አይተውት የማያውቁ ልጆች ሁሉ ይሉታል። መኪናዋንም ዴልማር በቅጂ ዋጋ ወሰዳት፤ ሉኤላን ለመርዳት ነው ተባለ። ያን ዓመት ዴልማር የሚሠራበት ፋብሪካ ሰው እየቀነሰ ነበር፤ ኦሪጅናል ሱፐር ስፖርት ዴልማር በሕልሙም የሚገዛው አልነበረም። ያመጣት ቀን ጋራዡ ውስጥ ሞተር ሳያስነሳ መሪውን ይዞ ተቀምጦ ቀረ። አርዲስ ለጓደኛው የሚያለቅስ መስሏት በሩን ቀስ ብላ ዘጋችለት።

ከዚያ ጀምሮ በየአሮጌ መኪና ትርዒቱ መኪናዋን ከመጨረሻው ረድፍ፣ ከቅጂዎቹ ጋር ያቆማታል። ሰው ሲጠይቀው «ቅጂ ናት» ይላል። ሌላው ሁሉ ቅጂውን ኦሪጅናል ነው እያለ በሚምልበት ሜዳ፣ ይህ ሰው ታማኝ ተባለ። ዳኛ አደረጉት። ለቤተ ክርስቲያኑም ገንዘብ ያዥ አደረጉት።

«ማንም አያውቅም እኮ» አለ ክሬግ፣ ጋራዡ ውስጥ። ድምፁ ቢዝነስ ሆኗል። «እኔና አንቺ ብቻ ነን። ቀብረን እንጨርስ፤ ከዚያ ቀስ ብለን እንሸጣታለን። ‹እኛም ትናንት ነው ያወቅነው› እንላለን። ውሸት አይደለም።»

«አይደለም» አለች አርዲስ። «አባትህም ሲጀምር አንዲት ቁጥር ብቻ ነው የዋሸው።»

«በሰልፉ ላይ ግን አትነዳም» አለ ክሬግ። «ዝናብ ሊመጣ ይችላል።»

ጠዋት ቅጂ እያለች ጭቃ ላይም ትሄድ ነበር። ኦሪጅናል ከሆነች ገና ሩብ ሰዓት ሳይሞላት ዝናብ መፍራት ጀመረች።

በማግስቱ፣ በቀብር አስፈጻሚው ቤት የስንብት ሰዓት፣ የማኅበሩ መኪኖች ደጁ ላይ ተሰልፈው ኮፈናቸውን ከፍተው ቆሙ። ሰው ሲሞት ልማዳቸው ነው፤ ኮፍያ እንደ ማውለቅ ያለ። ውስጥ ደግሞ ዴልማር ሣጥኑ ውስጥ ክራቫት አድርጎ ተኝቷል።

«ደህና ይመስላል» አለ አንዱ።

«ክራቫት አድርጎ አይቼው አላውቅም» አለ ሌላው።

«እሱም አያውቅም።»

አርዲስ በሣጥኑ ራስጌ ቆማ እጅ ስትጨብጥ ዋለች። የምትጠብቀው አንዲት እጅ ነበረች። ሉኤላ ከሰልፉ መጨረሻ መጣች፤ አጭር ናት፣ ዕድሜ ደግሞ የበለጠ አሳጥሯታል። የሱፍ ኮፍያዋን አላወለቀችም።

ስለዚች ሴት አርዲስ ለማንም የማታወራው ነገር ነበራት። ሮሊ ከሞተ ጀምሮ በረዶ በጣለ ቁጥር ዴልማር አካፋውን ይዞ የራሱን ደጅ ሳይጠርግ የሉኤላን ሊጠርግ ይሄዳል። የሃምሳ ዓመት ሰው ሆኖም፣ የሰባ ዓመት ሰው ሆኖም። አንድ ቀን አርዲስ «ምን አላት?» ብላ ጠየቀችው። «ባል የላትም» አላት። ሌላ ሴት ብትሆን በዚህ መልስ ቤት ታፈርስበት ነበር። አርዲስ ግን ሰሃን አጠበች፤ ጥርጣሬዋንም እንደ ሰሃኑ አጥባ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀመጠች። አንዳንድ ጠዋት በመስኮት የእግሩን ዱካ በረዶው ላይ እያየች፣ እስከ በራፉ ብቻ ይሆን ወይስ ከበራፉ ያልፍ ይሆን እያለች ዘመኗን ጨረሰች።

«ሉኤላ» አለች፣ እጇን ሳትለቅ። «በረዶ ሲጠርግልሽ ቤት ይገባ ነበር?»

ሉኤላ ቀና ብላ አየቻት። ጥያቄው የዛሬ አለመሆኑ ገብቷታል።

«አንድም ቀን። ቡና አፍልቼ እጠራዋለሁ፣ እንዳልሰማ ይሆናል። ደረጃው ላይ አስቀምጥለታለሁ፣ ጠርጎ ሲሄድ ቡናው ሳይነካ በረዶ ሆኖ አገኘዋለሁ። መኪናዋን ከገዛኝ ወዲህ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። ይጠላኛል እል ነበር።»

አርዲስ ደስ አላት። ደስ ስላላት አፈረች። ባሏ ውሽማ ነው ስትል ኖራ ሌባ ሆኖ ተገኘ፤ እሷ ደግሞ እዚሁ ሬሳው አጠገብ ቆማ ትንፋሽ ወጣላት።

«ስምንት ናት» አለች።

«ምኗ?»

«ሦስተኛዋ። የሮሊ መኪና። ኦሪጅናል ናት። ዴልማር ከዚያን ቀን ጀምሮ ያውቃል።»

ሉኤላ ወደ ሣጥኑ ዞረች። ብዙ አየችው፤ ከኋላዋ የተሰለፉት ሰዎች እየጸለየች መስሏቸው አንገታቸውን ደፉ።

«ዓሣ ነው ያስቀረጽኩበት» አለች በመጨረሻ።

«ምን?»

«ሮሊ ሆስፒታል ሆኖ ‹ድንጋዬ ላይ መኪናዬን አስቀርጺልኝ› ብሎኝ ነበር። ባልሽ ቅጂ ናት ሲል አፈርኩ። ቅጂ እንዴት መቃብር ላይ ይቀረጻል? ጠራቢው ምን ይሁን ሲለኝ ዓሣ አልኩት።» ከንፈሯን ነከሰች። «ሮሊ አንድ ቀን ዓሣ አጥምዶ አያውቅም። ጀልባውንም የሸጠው ስለሚጠላው ነው። በየመታሰቢያው ቀን አበባ ይዤ እሄዳለሁ፤ ‹አንተ ጅል፣ ጀልባችንን በማይረባ ብረት ለወጥከው› እለዋለሁ። ሰው ቆሞ ካልሰማኝ ጮክ ብዬ እለዋለሁ።»

ከሣጥኑ ወደ አርዲስ ዞረች።

«ለምን ዛሬ ነገርሽኝ?»

«ነገ ቨርን ይናገራል። ታማኝነቱን።»

ሉኤላ እጇን ከእጇ አወጣች። «ለኔ ነግረሽኛል። ይበቃል። ሂጂና ባልሽን ቅበሪ» አለችና ሄደች። ተቆጥታ ይሁን አዝናላት፣ ከጀርባዋ አያስታውቅም ነበር።

ቤተ ክርስቲያኑ ሞላ። ክሬግ ከእናቱ ጎን ተቀምጦ ክንዷን ይዟል፤ ለማጽናናትም ለመያዝም ነበር። ሉኤላ ከበሩ አጠገብ ናት። ፓስተሩ ጸልዮ እንጀራውን ከበላ በኋላ ቨርን ተነስቶ መነጽሩን አደረገ።

«በሦስቱ አውራጃ» አለ፤ «ቅጂ መኪና ይዞ፣ ቅጂ ነው ብሎ የተናገረ አንድ ሰው ብቻ ነበር።»

ሰው ራሱን ነቀነቀ። አርዲስም ነቀነቀች። ለራሷ ይለፍ ብላ ነበር፤ ነገ የሚነገር ነገር ነገ ይነገራል ብላ ነበር። ባሏ እፊቷ ነው፤ ክራቫቱን ያሰረችለት ራሷ ናት።

«ሁላችንም እኮ» አለ ቨርን፣ ሰው ሲያዳምጠው ደስ ብሎት፤ «ሁላችንም የሮሊን ገበያ ገብይተናል፤ ነፍሱን ይማርና! ልዩነቱ ዴልማር…»

ሰው ሳቀ። የለቅሶ ሳቅ ነው፤ ክፋት የለበትም፣ ትከሻ ብቻ ያንቀሳቅሳል። አርዲስ ወደ ኋላ ዞረች። ሉኤላም ፈገግ ብላለች። ሰው በባሏ ሲስቅ እንዴት ፈገግ እንደሚባል የተለማመደችው ፈገግታ ነበር።

አርዲስ ተነሳች። በዚያ ቤተ ክርስቲያን መዝሙር ካልሆነ ሰው አይነሳም፤ እሳት ቢነሳ እንኳ ፓስተሩን ያያሉ።

«እማ» አለ ክሬግ በሹክሹክታ። «እማ፣ ተይ።»

«ቨርን፣ ይቅርታ» አለች። «መኪናዋ ኦሪጅናል ናት። ሮሊ እውነቱን ነበር። ዴልማር ያውቅ ነበር፤ ከሉኤላ ላይ ሲገዛት ያውቅ ነበር።» የሚጨመር ነገር ፈለገች። «ባሌ ነው፤ እወደዋለሁ» አለችና ተቀመጠች።

ቨርን ወረቀቱን አየ። ወረቀቱ ላይ ለዚህ የሚሆን ነገር አልነበረም። ኦርጋን የምትጫወተው ሴት ምን እንደሚመጣ ስላላወቀች ቀጣዩን መዝሙር ጀመረች፤ ሕዝቡም በእፎይታ ተነስቶ፣ ሦስቱንም አንጓ፣ ከወትሮው ጮክ ብሎ ዘመረ።

ከቀብሩ መልስ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ሰው በቀዝቃዛ የአሳማ ሥጋና በድንች ፊት ተሰልፎ አንገቱን ደፋ። በየጠረጴዛው ሹክሹክታ አለ፤ አርዲስ ስታልፍ ወሬው ስለ አየሩ ሁኔታ ይሆናል። «አበደች» ያሉ ነበሩ። «እኔስ ድሮም ጠርጥሬ ነበር» ያሉ ደግሞ በዙ፤ ምሳው ሳያልቅ ያልጠረጠረ ሰው ጠፋ።

ክሬግ ካፖርቱን ለብሶ መጣ። «ሁለት ጊዜ ገደልሽው» አላት።

«አንድ ጊዜ ነው የሞተው» አለች። «ጸጸቱ ገደለው ብልህ ደስ ይልህ ነበር። አላውቅም። ሐኪሙ ልብ ነው ብሏል።»

ልጇ ወጣ። መኪናውን ሲያስነሳ ሰማችው፤ ለረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀስ ሞተሩ ብቻ ይሰማ ነበር፤ ከዚያ ሄደ። ያን ጊዜ ነው አርዲስ ሳህኗን አስቀምጣ ያለቀሰችው። እስከዚያ አላለቀሰችም ነበር። ቨርን መጥቶ ከጎኗ ቆመ።

«ንግግሬን ልጨርስ ነበር እኮ» አላት።

«አውቃለሁ።»

«መጨረሻው ጥሩ ነበር።»

«አውቃለሁ፣ ቨርን።»

ሳህኗን አንስቶ ድንች ጨመረላት።

እንግዳ መምጣቱን ሲያቆም አርዲስ ለሉኤላ ደወለችና «ነይ» አለቻት። ሉኤላ በእግሯ መጣች። ሰማዩ ጠርቷል፣ መንገዱ ደርቋል። አርዲስ ጋራዡን ከፍታ ቁልፉን ሰጠቻት።

«አልፈልጋትም» አለች ሉኤላ።

«አውቃለሁ።»

«ይቅር ብዬው አይደለም።»

«እሱንም አውቃለሁ።»

ሉኤላ ቁልፉን መዳፏ ላይ አገላበጠችው። «መንዳት እችላለሁ» አለች። «ሮሊ አስተምሮኛል። ፍሪሲዮኗ ከባድ ናት። እስከ መቃብሩ ብቻ እወስዳታለሁ፤ ደጁ ላይ አቁሜ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። ከዚያ የምትሆነውን እናያለን። ትመጫለሽ? የአንቺውም እዚያው ነው።»

አርዲስ በቀኝ በኩል ዞራ ገባች። የፊት ወንበሯ ለሁለት ያልተከፈለች፣ ከበር እስከ በር አንድ ረጅም መቀመጫ ናት። ሉኤላ ከመሪው ኋላ ተቀመጠችና እግሯን ዘረጋች። ፍሪሲዮኑ ላይ አልደረሰም። ወደ ፊት ተንሸራታ ሞከረች፤ አሁንም አልደረሰም። እጇን ከወንበሩ ሥር ሰዳ ማንሻውን ፈልጋ አገኘችው፤ ሳትስበው አርዲስን አየች።

ከዴልማር ወዲህ ያን ወንበር ያንቀሳቀሰ ሰው የለም። ረጅም ሰው ነበር። ከሉኤላ ጫማ እስከ ፍሪሲዮኑ ያለው ባዶ ቦታ የእሱ ረጅም እግር ልክ ነው።

«ልተወው?» አለች ሉኤላ። «ከጀርባዬ ትራስ ባደርግ ይሆናል።»

አርዲስ ባዶውን ቦታ ብዙ አየችው።

«አይ» አለች። «ብቻሽን እሺ አይልሽም፤ እኔ ያለሁበትም አብሮ ነው የሚሄደው።»

ሁለት እግሯን ወለሉ ላይ ተክላ፣ ዳሽቦርዱን በሁለት እጇ ጨብጣ ያዘች።

«በይ ማንሻውን ሳቢ» አለች። «አንድ ላይ።»